በሻንቶ ገበያ ዓይን ያልሞሉት ቢላዎች

ብሩክታይት ጆንያውን መሬት ላይ ዘርግታ ቢላዎቹን አባቷ ይደረድራቸው እንደነበረው ደረደረቻቸው፤ እጀታቸውን ወደ ገዢው አዙራ፣ ስለታቸውን በደረቅ ኮባ ጠቅልላ። የወላይታ ዘመን መለወጫ የጊፋታ ሰሞን ስለሆነ የሻንቶ ገበያ መተላለፊያ ጠፍቶበታል። ወንዱ ዓመቱን ሙሉ የቆጠበለትን በሬ ይመርጣል፣ ሴቱ ቅቤና ለዳጣው የሚሆን ቃሪያ ይሸምታል። ለቅርጫው ቢላ የማያስፈልገው ቤት የለም። እሷ ፊት ቆም የሚል ግን አልነበረም።

አባቷ ቶማ ከሻንቶ ዳር ባለችው ምድጃው የከባድ መኪና ባሌስትራ እያጋለ ቢላ ሲቀጠቅጥ ኖሮ ሐምሌ ላይ ሞተ። ቢላው አይታጠፍም፣ አያብለጨልጭም። ብረቱ ከእሳት እንደወጣ ጥቁር ነው፤ እጀታው ያልተቀባ ወይራ ነው፤ የብረቱ ጭራ በእጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው ያልፋል። እጀታው እንዳይዞር የሚያደርገው ይህ ዋናው ነገር ነበር፤ ግን እጀታው ስለሚሸፍነው ገዢ አያየውም።

ሌላም ማንም ያላየው ነገር ነበረ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የቶማ እጅ መንቀጥቀጥ ሲያበዛ መዶሻውን ለልጁ ሰጥቶ እሱ ወናፉን ያዘ። ጆንያው ላይ ካሉት ቢላዎች ገሚሶቹ የብሩክታይት ሥራ ናቸው። ይህን ለሰው አልተናገረችም። ሴት ልጅ ብረት ትቀጠቅጣለች ብላ ብታወራ ማን ያምናታል?

የአባቷ ታናሽ ወንድም ጩማ ከለቅሶው በኋላ በደግ አፉ ነበር የነገራት። «ልጄ፣ እስከ ጊፋታ እነዚህ ከተሸጡ እሰየው። ካልተሸጡ ግን ምድጃው ይፍረስ። ቦታውን አንድ ባጃጅ ጠጋኝ ይፈልገዋል፤ አንቺም አረካ ከተማ ሄደሽ ሥራ ትፈልጊያለሽ።» እሺ ብላ ነበር።

ከፊት ለፊቷ ነጋዴው ደግፌ ቀይና ሰማያዊ እጀታ ያላቸውን የውጭ አገር ቢላዎች ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ይጮሃል። አንዱን ከፈት ዘጋ እያደረገ፣ «ይሄ ይታጠፋል፣ ጠርሙስ ይከፍታል፣ ባትሪም አለው!» ይላል። አንድ ጎረምሳ እየሳቀ ወደ ብሩክታይት ዞረ።

«ያንቺስ ምን ያደርጋል?»

«ይቆርጣል።»

«እሱ ብቻ?» ብሎ ወደ ደግፌ ተመለሰ።

ረፋዱ ላይ ኤርካሎ መጣ። የሰፈሩን ቅርጫ ሥጋ የሚያካፍለው እሱ ነው። በቶማ ቢላ ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ ቢላው ከመሳል ብዛት እንደ ቅጠል ሳስቶ አልቆበታል። ጎንበስ አለና አንዱን አንስቶ ኮባውን ገለጠ። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ዱልዱም ነው። አገላብጦ አየውና መልሶ አስቀመጠው።

«አባትሽን ነፍሱን ይማረው። የሱ ቢላ እንደ መስታወት ነበር።»

«ጋሼ፣ ሲገዙትማ እንደዚሁ ጥቁር ነበር። መስታወት ያደረገው የእርስዎ እጅ ነው።»

ኤርካሎ ልጅቷን ላለማስቀየም ፈገግ አለና ተሻግሮ ከደግፌ ቀይ እጀታ ያለውን ገዛ።

ብሩክታይት ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ቤት ስትሄድ ያ አውራ ጣት ከዓይኗ አልጠፋም። አባቷ ዱልዱም ቢላ ሸጦ አያውቅም። ገዢው ሲመጣ «ምን ልትቆርጥበት ነው?» ይለዋል፤ እንደ መልሱ ስለቱን እዚያው ፊቱ ላይ በድንጋይ ያወጣለታል። ሰው የሚገዛው ያንን አይቶ ነበር። እሷ የአባቷን ዕቃ የደረደረችው አባቷ እንደሚደረድረው ነው፤ የረሳችው የሱን አፍና የሱን ድንጋይ ነው። አልረሳችውም እንጂ፤ የሱን ድንጋይ መንካት ከብዷት ነው። እሱ ሲሞት ቢላዎቹም አፋቸውን አጡ።

በማግስቱ ጠዋት የራሷ ከሆኑት አንዱን መርጣ ከመሳያው ድንጋይ ጋር በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ የቤቷን የሥጋ መደብ ለመቀበል ወደ ቅርጫው ሄደች።

በሬው ተገፎ ኮባ ላይ ተዘርግቷል። ሥራው ግን ቆሟል። የኤርካሎ ቀይ ቢላ ቆዳውን እንደጨረሰ ስለቱ ተቆልምሞ፣ የጭኑ መገጣጠሚያ ላይ ሲደርስ እጀታው መዳፉ ውስጥ ዞረ። የሌሎቹም ቢላ ዶልዱሟል። ሥጋው እየተቦጫጨቀ ስለሚወጣ መደቦቹ እኩል አልመስል ብለው ሰዉ ማጉረምረም ጀምሯል።

«ጋሼ ኤርካሎ፣ ይቆርጡታል ወይስ ይለምኑታል?» አለ አንዱ፤ ሳቁ አካባቢውን ሞላው። ኤርካሎ አልሳቀም።

ብሩክታይት ወንዶቹን አልፋ ገባች።

«ጋሼ፣ ምን ሊቆርጡበት ነው?»

ኤርካሎ ቀና አለ። ጥያቄውን ያውቀዋል። «መገጣጠሚያውን። ከዚያ ብልት ማውጣት አለብኝ።»

ተቀመጠችና ድንጋዩን ውኃ አስነክታ፣ ቢላውን ደጋግማ አመላለሰችው። በጥቁሩ ብረት ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ወጣ። እጀታውን ወደሱ አዙራ ሰጠችው።

ቢላው መገጣጠሚያው ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ኤርካሎ ሳያቆም ቀጠለ። ጭኑን ለየ፣ ጎድኑን አወረደ፣ ሽንጡን ሰነጠቀ። ቁራጩ ሁሉ ለስላሳ ፊት ይዞ መደቡ ላይ ያርፋል። የመጨረሻው መደብ እስኪሞላ ድንጋይ አልጠየቀም፤ የሚያጉረመርምም ጠፋ።

«የቶማን እጅ የትም ባየው አውቀዋለሁ» አለ ቢላውን በሣር እየጠረገ።

«የአባቴ አይደለም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ከኋላ የሳቀ ነበር። መደቡን ሊወስድ የመጣው ጩማ ግን አልሳቀም። ወንድሙን በመጨረሻው ዓመት ያጎረሰው እሱ ነው።

«ቆይ እስቲ» አለ ቀስ ብሎ። «ቶማ ከዓምና ጀምሮ ማንኪያ እንኳ በቅጡ አይዝም ነበር። ታዲያ በፋሲካ የሸጥነውን ሁሉ ማን ሠራው?»

ሁሉም የሚያየው ብሩክታይትን ነው። በፋሲካ ከነሱ ቤት ቢላ ከገዙት ሁለቱ መደባቸውን ሊወስዱ ገና መድረሳቸው ነበር፤ አንዱ ወገቡ ላይ የሻጠውን መዝዞ አዲስ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ያገላብጠው ጀመር።

ኤርካሎ ከሽንጡ ምርጡን ቆረጠ፤ ዳጣ አስነክቶ በአደባባይ አጎረሳት። «በይ ይሄ የኔ ነው፤ ለልጄም አንድ ያዢልኝ። ስለቱንም እኔው ፊት ታወጪዋለሽ።»

«ለኔም!» አለ ከኋላ የሳቀው ሰው። ሌላው ቀጠለ፤ ቤት ከቀሩት ቢላዎች ይልቅ የሚፈልጋቸው ሰው በዛ።

ጩማ ጠጋ አለ። «ባጃጅ ጠጋኙ ከሰዓት ይመጣል። ምን ልበለው?»

ብሩክታይት ሥጋዋን አላምጣ ዋጠች።

«ሌላ ቦታ ይፈልግ» አለችው።