ያልተቆረጠው ቧንቧ

ቢቸና በተማርኩበት ትምህርት ቤት ግቢ የቆመው የቅርጫት ኳስ ሰሌዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ጋር ፊት ለፊት ይተያይ ነበር ብል የሚያምነኝ ያኔ እዚያ የተማረ ብቻ ነው። ኳሷ ወደ ላይ ተወርውራ እስክትመለስ ድረስ እኛ ሴቶቹ የአንድ ሰፈር ሐሜት ጀምረን እንጨርስ ነበር። ነገሩ የሆነው ከመንግሥት ለውጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ለምሰሶ የሚሆን ረጅም ቧንቧ መጣ። በያጁ ከታች ይቆረጥ ቢል ርዕሰ መምህሩ የመንግሥት ንብረት አይቆረጥም ብለው ድርቅ አሉ። ቧንቧው እንዳለ ተተከለ፤ ሰሌዳውና ቅርጫቱም ጫፉ ላይ ተበየዱ።

አሰልጣኛችን የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ኮሌጅ ሳሉ ተቃራኒ ቡድን ስማቸውን ሲሰማ ይሸበር ነበር የሚባልላቸው የሴቶች ቡድን ተጫዋች ነበሩ፤ ስፖርት ሊያስተምሩ እኛ ጋ ተመደቡ። የመጡ ቀን ቀና ብለው ቅርጫቱን አዩና በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄዱ። ዝቅ ይበልልኝ እያሉ ቢሮ ለቢሮ ቢመላለሱ ንብረቱ አንዴ ተመዝግቧል ተባሉ። በመጨረሻ ሰበሰቡን።

«ይሁን። በዚህ የለመደች የትም ሄዳ አይቸግራትም» አሉን።

አመንናቸው። እሳቸውም አምነውት ነበር።

እኔ ተቀያሪ ነበርኩ። ቁመቴን ያየ ሁሉ የስልክ እንጨት በእግሩ መጣ ቢልም በተማሪነቴ ያገባሁት አንድ ኳስ ብቻ ነው፤ እሱንም በራሳችን ላይ። በክፍል አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ግን ሌላ ፍጥረት ነበረች። እሷ ስትወረውር ያ ሰማይ የነካ ቅርጫት ጎንበስ ብሎ አፉን የሚከፍትላት ይመስለኝ ነበር። አሰልጣኛችን ከልምምድ በኋላ እሷን ለብቻዋ ያስቀሯት ነበር፤ ኳሱን እያነሱ የሚያቀብሏት ራሳቸው ናቸው።

አባቷ ቄስ ናቸው። ደመወዝ የሚከፍላት ክለብ ከተገኘ መርቄ እሰዳታለሁ ብለው ቃል ሰጥተዋል። ካልተገኘ ግን የጥኖራ ከምትባል መንደር የመጡ ሽማግሌዎች ደጅ መጥናት ከጀመሩ ቆይተዋልና ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። ሽማግሌ የላከውን ሰውዬ በሩቅ አይታዋለች፤ ትከሻዬ ላይ ነው የሚደርሰው ትለኛለች። ታዲያ ምን ቸገረሽ፣ እንደ ኳስ እያነጠርሽው ዳስ ትገቢያለሽ እላታለሁ። እንስቅ ነበር። እንደዚያ የምንስቀው ሠርጉ እንደማይሆን እርግጠኛ ስለነበርን ነው።

ከአዲስ አበባ የአንድ ክለብ ተጫዋች መልማይ ሞጣ ድረስ መጥቶ ከሞጣ ልጆች ጋር የምናደርገውን ግጥሚያ ሊያይ ነው ተባለ። በአይሱዙ ተጭነን ሄድን። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ስላስቆመን ስንደርስ ለማሟሟቂያ ጊዜ አልነበረም፤ አቧራው ደግሞ የገዛ እናቶቻችን በድምፅ ካልሆነ የማይለዩን አድርጎናል። ሜዳ ገብተን ቅርጫቱን ስናይ ሳቃችን መጣ። በትክክለኛው ልክ የተተከለ ነው፤ ለእኛ ግን የሕፃናት መጫወቻ መሰለን። እኔማ ተኝቼ አገባለሁ ብዬ ፎከርኩ።

የጓደኛዬ የመጀመሪያ ኳስ ከሰሌዳው በላይ አልፎ ተመልካች መሃል ወደቀ። ሁለተኛውም ዘለለው። ሦስተኛውን ዝቅ ላድርገው ስትል ቅርጫቱ ጋ እንኳ አልደረሰም። እጇ የሚያውቀው የእኛን ቧንቧ ብቻ ነበር። ከሞጣ ልጆች አንዷ አጠገቧ እየሮጠች «እናንት፣ ወፍ ልትጠብቁ ነው የመጣችሁት?» ስትላት ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አሰልጣኛችን አልተቆጡም። ሰሌዳውን ብቻ ያያሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

እረፍት ሲሆን መልማዩ ተነሳ። ሳይመሽ ባሕር ዳር መግባት አለብኝ አለ። አሰልጣኛችን ስለ ቧንቧው ሊያስረዱት ሞከሩ፤ ሰውዬው ግን የቧንቧ ታሪክ ሊሰማ አልመጣም። የመልማዩ መኪና ሲነሳ እሳቸውም ተነሱ። በዚያ አስፋልት ባልነካው መንገድ፣ መኪናውን ተከትለው፣ በበጎችና በአህዮች መሃል፣ ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ እየተወዛወዘ ሮጡ።

ሁለተኛው አጋማሽ ያለ አሰልጣኝ ተጀመረ። ለጓደኛዬ አንድ ኳስ ገባላት። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያማ እጇ የሚስተው ጠፋ፤ ከጥግም፣ ከመሃልም፣ ሁለት ተከላካይ ተንጠልጥሎባትም ታገባለች። የሳቁብን ሁሉ ያጨበጭቡ ጀመር። ባገባች ቁጥር ዞር ብላ ወንበራችንን ታያለች። ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሌላ ሰው መሆን የተመኘሁበት ጊዜ የለም።

አሰልጣኛችን የተመለሱት ጨዋታው አልቆ ተመልካቹ ሲበተን ነው። ቱታቸው ጉልበቱ ላይ ተቀድዷል፤ ወድቀው ኖሯል። መኪናው አልቆመላቸውም። እኛ ጫማችንን ስንፈታ ጓደኛዬ ወደ እሳቸው ሄደች።

«ለመድኩት፣ ቲቸር» አለቻቸው።

«ምኑን?»

«ቅርጫቱን። ከእረፍት በኋላ ለመድኩት።»

አሰልጣኛችን ያሉበት መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከፋሲካ በኋላ ተዳረች። ሚዜ ነበርኩ፤ ያጠራቀምኩትን ቀልድ ሁሉ ትቼ የቀሚሷን ጫፍ ስሰበስብ ዋልኩ። ልትወጣ ስትል እንደ ወጉ የአባቷንና የእናቷን ጉልበት ሳመች። ከዚያ ዳሱን አቋርጣ፣ ጥግ ላይ ወደተቀመጡት አሰልጣኛችን ሄዳ ጎንበስ አለች። እሳቸው እምቢ አሉ። ሊያነሷት ሲታገሉ አብረዋት ወረዱ፤ ሁለት ረጃጅም ሴቶች ጉዝጓዙ ላይ ተንበርክከው ተቃቅፈው አለቀሱ። ሠርገኛው ከቤት የምትወጣ ሙሽራ ለቅሶ መስሎት እልልታውን አቀለጠው።