ባሌ ዘንግ ሲመርጥ

ጣውንቴ የመጣችው ከባሕር ዳር ነው፤ በጭነት መኪና፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልላ። ጥቁር ናት፣ ቀጭን ናት፣ ወገቧን ሲነኳት ትተጣጠፋለች። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ናት።

ባሌ አርብ ገበያ ላይ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል፤ እኔ ከሱቁ ደጃፍ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ ቆላው ወርዶ ከወንዙ ዓሣ ማጥመድ አመሉ ነው። ለዓመታት ያጠመደው አባቱ ቆርጠው በሰጡት ሽመል ነበር። ጫፉ ላይ ክርና መንጠቆ ያስራል፣ ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ ተንሳፋፊ ይቆርጣል፣ ይሄዳል። በዚያ ሽመል ቀንቼ አላውቅም። ከበሩ ኋላ የሚቆም ዕቃ ነበር፣ አለቀ።

ነገሩ የተበላሸው መምረጥ ሲጀምር ነው። አንድ ቀን ስልኩ ላይ ፈረንጆች ዓሣ ሲያጠምዱ አየ፤ ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣ። ወደ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሾፌር ደንበኛው ዘንጎች እያመጣ ያሳየዋል፣ እሱም በሱቁ ደጃፍ፣ በሰው ፊት፣ ይመርጣል። አንዷን ያነሣና በአንድ ጣቱ ላይ አጋድሞ ሚዛኗን ያያል። ጫፏን ግድግዳ ላይ ተጭኖ ያጎብጣታል፣ ይለቃታል፣ ምን ያህል ፈጥና እንደምትቃና ዐይኑን ሳያርገበግብ ይጠብቃል። «ይች ደረቅ ናት፣ ትልቅ ዓሣ ሲጎትታት ትሰበራለች። ይች ደግሞ ልፍስፍስ ናት፣ ዓሣው ሲነክስ አትነግርህም» ይላል። ክሩንማ ተዉት። በከንፈሮቹ መሐል ቀስ አድርጎ ይስበዋል፤ የሻከረ ቦታ ካለው ከንፈሩ ያውቀዋል። ወፍራሙ ጠንካራ ነው፣ ግን ዓሣው ያየዋል። ቀጭኑ አይታይም፣ ግን የወንዙ ድንጋይ ይበላዋል። ይህን ሾፌሩን ያማክራል፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ያማክራል፣ ስልክ ሊያሠራ የመጣውን ገበሬ ሳይቀር ያማክራል። እኔን ግን አንድም ቀን «የትኛው ይሻላል?» ብሎኝ አያውቅም።

በርበሬዬን እየሰፈርሁ አየዋለሁ፣ ደሜ ይፈላል። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ይህ ሰው እኔን አልመረጠኝም። የመረጡኝ አባቱ ናቸው። እስቴ ካለው ቤታችን ድረስ ሽማግሌ ላኩ፣ ዘር ተቆጠረ፣ ከአባቴ ጋር ተስማሙ፣ ነገሩ አለቀ። እሱ መልኬን ያየው በሰርጋችን ቀን ነው። ደረቅ ትሁን ልፍስፍስ ብሎ የተጨነቀብኝ የለም። ለአንድ ዱላ ግን እንቅልፍ ያጣል። ብቀና ይፈረድብኛል?

ከሁሉ የባሰብኝ የቅቤው ነገር ነው። ባለፈው ኅዳር በመጨረሻ መርጦ በገዛት በጥቁሯ ዘንግ ላይ የሚገጠም ክር መጠቅለያ አስመጣ። እጀታ አለው፣ ሲያዞሩት ክሩን ይሰበስባል፤ እሱ «ማሽኑ» ይለዋል። ታዲያ ማሽኑ ሲዞር ሲጥ ሲጥ አለ። ባሌ ያደገው አባቱ የደረቀ መጫኛና የሻከረ ጅራፍ ቅቤ ሲቀቡ እያየ ነው። ለጸጉሬ ብዬ ያስቀመጥሁትን ለጋ ቅቤ አወረደና ማሽኑን በደንብ አጠገበው፤ ክሩን ሳይቀር እንደ መጫኛ አሸው። ከገበያ ስመለስ ጣሳው ባዶውን ተቀምጧል።

«ጸጉሬስ?» አልሁት።

«ሌላ ይገዛል» አለኝ፣ ዐይኑን ከማሽኑ ሳያነሣ።

እኔ ሻሽ አስሬ፣ እሷ ቅቤ ተቀብታ! በማግስቱ ወንዝ ሊወርድ ሲነሣ «አብሬህ እሄዳለሁ» አልሁት። ወርጄ ስለማላውቅ ገረመው። እኔ የፈለግሁት ጣውንቴ ምን እንዳላት በዐይኔ ማየት ነበር።

ጎሕ ሲቀድ በስማዳ በኩል ወዳለው ቆላ ወረድን። እሱ ዘንጓን ትከሻው ላይ አጋደማት። እኔ ለዓሣው የሚሆን ሊጥ ያዝሁ፣ ለምርኩዝ ደግሞ አሮጌውን ሽመል፣ ክሩና መንጠቆው እንደተጠመጠሙበት፣ ከበሩ ኋላ አነሣሁ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ፀሐይ ገና ከገደሉ አናት ብቅ አላለችም። ባሌ እጀታውን ቢያዞር ማሽኑ እምቢ አለ። የሌሊቱ ብርድ ቅቤውን እንደ ሻማ አድርቆታል። እፍ አለበት፣ አሸው፣ መጨረሻ ላይ በጋቢው ውስጥ ብብቱ ሥር አስገብቶ አቀፈው። እኔ አጠገቡ በብርድ ስንቀጠቀጥ ማሽን በብብቱ ያሞቃል! ምን እንዳልሁት እዚህ አልጽፈውም።

ፀሐይ ብቅ ስትል ቆላው ወዲያው ጋለ፣ ቅቤውም ቀለጠ። በክሩ ላይ ወረደ፣ በእጀታው ላይ ወረደ፣ መዳፉን አራሰው። ባሌ ግን ማሽኑ በመዞሩ ብቻ ተደስቶ ስልኩ ላይ እንዳያቸው ፈረንጆች ዘንጓን ወደ ኋላ ወስዶ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረ። ክሩ ብቻ አልሄደም። ዘንጓ ከነማሽኗ ከእጁ ተንሸራትታ ወንዙ መሐል፣ ጥልቁ ላይ፣ ጠልቃ ቀረች።

ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቅቤ የነካውን እጁን ያያል። ሳቄ ሲያልቅ ያ የቆየው ነገር አፌ ላይ መጣ።

«እሷን ለመምረጥ ያን ያህል ስትጨነቅ፣ እኔን እንዴት ሳትመርጥ ወሰድኸኝ?»

መዳፉን ጋቢው ላይ ጠረገ። «ምረጥ ብለውኝ ቢሆንማ» አለ፣ «ይች ትሻላለች ያች ትሻላለች ስል እስካሁን ሳላገባ እቀር ነበር።»

እኔ አልሳቅሁም። እሱም አልሳቀም። «አንችስ?» አለኝ። «አንች እኔን መርጠሽኝ ነው?»

ቀልዱን መስሎኝ ቀና አልሁ። ዘንግ ለቅቆ እስኪቃና ሲጠብቅ የማይርገበገበው ዐይኑ እኔ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አልተመረጥሁም ብዬ ስበግን፣ እሱም ያልተመረጠ መሆኑ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሽመሉን ሰጠሁት፣ ሊጡን መንጠቆው ላይ ሰካሁለት። በዚያው አንድ ነጭ ዓሣ አወጣና ዳገቱን ወጣን።

አርብ ሲደርስ በርበሬዬን ለጎረቤት አደራ ብዬ ገበያው መሐል ሽመል ከሚሸጡት ዘንድ ሄድሁ። አንዱን አነሣሁ፣ በጣቴ ላይ አጋደምሁት። ጫፉን መሬት ላይ ተጭኜ አጎበጥሁት፣ ለቀቅሁት፣ ሲቃና ጠበቅሁ። ደረቅ ነው፣ መለስሁት። ሌላውን አነሣሁ፣ ልፍስፍስ ነው። ገዢ ከኋላዬ ተሰበሰበ። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፤ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንች ሴት፣ ባል ነው እንዴ የምትመርጭው?» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አዎ አባቴ» አልኋቸውና በእጄ ያለውን እንደገና አጎበጥሁት።