ባሌና የበረዶው ባቄላ

ባሌ በረዶ መላሽ ነበር። አትሳቁ። በእኛ አገር፣ ከወገዳ ወዲህ ባለው ደጋ፣ ይሄ ሥራ ነው፤ ያውም የተከበረ ሥራ። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲጠቁር ጭራውን ይዞ ከደብሩ በላይ ካለው ጉብታ ይወጣል፣ ጸሎቱን ይደግማል፣ ጭራውን ወደ ደመናው ያወናጭፋል፤ በረዶውም «እሺ መሪጌታ» ብሎ ወደ እስቴ ይሄዳል። ይባላል እንግዲህ። ለዚህ ሲባል የሦስት አጥቢያ ገበሬ ገብሱን ሲወቃ በየቤቱ አንድ አንድ ቁና ይሰፍርለታል። ዓመቱን ሙሉ የምንበላው እሱን ነበር። መሬት የለንም፤ እሱ የጋይንት ሰው ነው፣ እኔም ተከትዬው የመጣሁ ነኝ። የተጠለልንባት ጎጆም የደብሩ ናት፤ በረዶ እስከ መለሰ ድረስ ይኑርባት ብለው የሰጡት። ጃንሆይ ከስደት ከተመለሱ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆን ነው ያኔ።

ስሙ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ይባላል። በሰው ፊት «አንቱ» እለው ነበር፤ ስንጣላ ነው «አንተ» የሚያመልጠኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ስንጣላ ስለኖርን አሁንም እንደ ለመድሁት ልቀጥል።

እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጦ ድጓውን ተማረ፤ ባሕረ ሐሳቡ ግን ለከፈው። ባሕረ ሐሳብ ፋሲካ መቼ እንደሚውል፣ ጾም መቼ እንደሚገባ የሚሰላበት ትምህርት ነው፤ ማካፈልና ትራፊውን መያዝ ነው ነገሩ። ሌላው ካህን በዓመት አንዴ ለበዓላቱ አስልቶ ይተወዋል። የእኔው ጉድ ግን ያየውን ሁሉ ካልቆጠረና ካላካፈለ እንቅልፍ አይወስደውም። ዶሮዎቼ ስንት ቀን እንቁላል እንደ ጣሉ፣ ስንት ቀን እንዳረፉ ያውቃል። እኔ በወር ስንት ጊዜ «ወይ አበሳዬ» እንደምል ሳይቀር ቆጥሯል። «ደጊቱ፣ ከፍስኩ ይልቅ በጾሙ ይብስብሻል» አለኝ አንድ ቀን። በማማሰያው ልለው ምንም አልቀረኝ።

አገሬው በረዶ የጨረቃ ነገር ነው፣ ጨረቃ ስትወለድ ይብሳል ይላል። እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ማመን አይሆንለትም። እንግዳ የሚቀመጥበትን መደቤን እንደ ገበጣ ሠላሳ ቦታ ቦረቦረው፤ ለእያንዳንዱ የጨረቃ ቀን አንድ ጉድጓድ መሆኑ ነው። በረዶ በወረደ ቁጥር አበቅቴውን ይዞ የጨረቃዋን ዕድሜ ያሰላና በዚያ ጉድጓድ አንድ ባቄላ ይጥላል። «በረዶው ጨረቃን የሚከተል ከሆነ ባንድ ወገን ያለው ጉድጓድ ይሞላል። ካልሆነ ባቄላው እንዲሁ በየቦታው ተበትኖ ይቀራል» ይለኛል። ስድስት ዓመት ጣለ። እንግዳ ሲመጣ ባቄላ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጎረቤቴ ውባለም «መሪጌታ ብቻቸውን ገበጣ ይጫወታሉ፤ አመማቸው እንዴ?» እያለች አገሩን ሁሉ አዳረሰች። በስድስተኛው ዓመት ጎንበስ ብሎ አየው። አንዱ ጋ አራት ቢኖር ከጎኑ አንድ ነው፤ ወዲህ ያደላ የለ፣ ወዲያ ያደላ የለ። «ጨረቃ ነጻ ናት» ብሎ እንደ ዳኛ ፈረደ። እኔም ተገላገልሁ ብዬ መደቤን በጭቃና በእበት መረግሁት።

ምን ይገላግላል! ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት ገንፎ እያገነፋሁ፣ እሱ ምድጃው ጥግ ተቀምጦ፣

«ጨረቃ ከሌለችበት እኔስ አለሁበት ወይ?» አለ።

«የት ነው የምትኖርበት?»

«በረዶው ላይ ነዋ። የምጸልይ ቀን ይቀራል? ወይስ ሳልጸልይም ይቀር ነበር?»

ማማሰያውን አስቀመጥሁ። «አንተ ሰውዬ፣ እንጀራችንን ነው እኮ የምትመረምረው!» ብዬ ጮኽሁ። ሦስት ልጆች አሉን፣ ቁራሽ መሬት የለን። ከዚያች ጎጆ ቢያስወጡን የት እንገባለን? እሱ ግን የሰማኝም አይመስል። ከገደሉ ማዶ ያለው አጥቢያ በረዶ መላሽ ስለሌለው ከእሱ ጋር ላወዳድር ብሎ ነበር፤ መልሶ ራሱ አፈረሰው። «ያ ዝቅ ያለ ነው፣ ይሄ ከፍ ያለ ነው፤ ልዩነት ባገኝ የእኔ ይሁን የተራራው በምን አውቃለሁ? ይሄ ጉብታ መወዳደር ያለበት ከራሱ ጋር ነው» አለ።

ዘዴ አወጣ። በአንድ ከረጢት ነጭ ጠጠርና ጥቁር ጠጠር ጨመረ። ክረምቱን ሙሉ በየጠዋቱ እኔ እጄን አስገብቼ ሳላይ አንዱን አወጣለሁ፤ እሱ ራሱ ካወጣ ሰማዩን አይቶ ያደላል አለ። ነጭ ከወጣ ይጸልያል። ጥቁር ከወጣ ግን እንደ ሁልጊዜው ጉብታው ላይ ይቆማል፣ ጭራውን ያወናጭፋል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የበረዶ ጸሎት ግን የለም። ገበሬው ይሄን እንዳያውቅ አስማለኝ። በረዶ ሲወርድ፣ የጸለየበት ቀን ከሆነ በነጩ ማሰሮ፣ ዝም ያለበት ቀን ከሆነ በጥቁሩ ማሰሮ አንድ ባቄላ ይጥላል። ማሰሮዎቹ አፋቸው በጨርቅ ታስሯል፤ መስቀል ሳያልፍ አይከፈቱም።

«በጥቁሩ ቀን ከንፈርህ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የመጣልኝን። ዛሬ የዶሮዎችሽን ስም ስጠራ ዋልሁ።»

ገብስማ፣ ወሰራ፣ ቀይት፣ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ቀይት! እንየው የሚባል ድምፁ ከጥሩምባ የማይተናነስ ገበሬ አለ፤ ማሳው ከጉብታው ሥር ነው። ያን ዕለት ከታች ሆኖ የባሌን ከንፈር እያየ ሲያማትብ ውሎ፣ ማታ ቤታችን ድረስ መጥቶ «የዛሬው ጸሎትዎስ ልብ የሚነካ ነበር» ብሎት ሄደ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ክረምቱ አለፈ። የመስቀል ዋዜማ ባሌ ለደመራው እንጨት ሲሄድ አላስችል አለኝና ጨርቁን ፈታሁ። ዝም ባለበት ማሰሮ ስድስት ባቄላ። በጸለየበት ሰባት። ሰባት! ይሄን ሰው አውቀዋለሁ፤ ያገኘውን ነገር አይደብቅም፣ ሄዶ ለአገር ይናገራል። ልጆቼ ዓይኔ ላይ መጡ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከነጩ ማሰሮ አምስት ባቄላ አንስቼ ወደ ጥቁሩ ጣልሁና እንደ ነበረ አሰርሁት።

በመስቀል ማግሥት ከፈተው። በጸለየበት ሁለት፣ ዝም ባለበት አሥራ አንድ። ደጋግሞ ቆጠረ። ከዚያ ብድግ አለና በጠራራ ፀሐይ፣ ልጆቹ እያዩ፣ ግንባሬን ሳመኝ። ወረብ ጀመረ። እግሩ እየረገጠ፣ ትከሻው እየተወዛወዘ፣ ጭራው እንደ ጸናጽል በእጁ። እንዲያ ደስ ብሎት ከሠርጋችን ወዲህ አላየሁትም። እኔም ምን ክፋት አለው እያልሁ አብሬ አጨበጨብሁ።

ወረቡን ጨረሰና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ደጊቱ።»

«አቤት።»

«ፍልሰታ ላይ በረዶው ሦስት ቀን በተከታታይ የእንየውን ማሳ መትቶ አልነበር?»

«እንጃ እኔ፣ በምን አውቃለሁ።»

«ሦስቱንም ቀን ነጭ ነው ያወጣሽልኝ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጸልያለሁ። ታዲያ እዚህ ቢያንስ ሦስት ባቄላ መኖር ሲገባው እንዴት ሁለት ሆነ?»

ወይ ጉዴ! ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። አምስት እንዳነሣሁ ነገርሁት። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ አልመታኝም፣ አልተቆጣኝምም። አምስቱን ባቄላ አንድ በአንድ መለሰ። «ለአንድ ወረብ ያህል አመንሁ» አለና መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። አንጀቴን በላው። ሰርቄ የሰጠሁትን ደስታ መልሼ መንጠቄ ከምንም በላይ ቆጨኝ።

በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ሞከረ፤ አንድ ዓመት አይበቃም አለ። በዚህኛው ማሰሮውን የሚያስረው ራሱ ነው፣ የሚያሳድረውም ከራስጌው። ሁለቱ ዓመት ሲደመር የጸለየበትና ዝም ያለበት ቀን ብዛቱ እኩል ነው ማለት ይቻላል። በረዶ የወረደባቸው ደግሞ አሥራ ሦስትና አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስቱ የጸለየበት።

«የፊታችን እሑድ ሰንበቴው ላይ እነግራቸዋለሁ» አለ።

«ቁናውን ከሰፈሩልን በኋላ ንገራቸው። ስሞትልህ!»

«ያኔማ ሌባ ነኝ።»

ለመንሁት፣ ሰደብሁት፣ ሁለት ቀን አኮረፍሁት። ምንም። ቅዳሜ ቁርበቶቹን ጠቅልዬ አሰርሁ፣ ልጆቹን «ወደ ጋይንት ልንሄድ ነው» አልኋቸው፣ ከውባለም አህያ ለመንሁ። ውባለም ለምን እንደሆነ ሳትሰማ አህያ የምትሰጥ ሴት አይደለችም፤ ከገበያ ጨው ልጭንባት ነው ብዬ ቀባጠርሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሦስቱም አጥቢያ ሰው ሰንበቴው ቤት ተሰበሰበ፤ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ባሌ ቆመና ሁሉንም ነገራቸው፤ ጠጠሩን፣ ማሰሮውን፣ ባቄላውን፣ አሥራ ሦስትና አሥራ ሁለቱን። «ብጸልይም ብተውም በረዶው ያው ነው። ስለዚህ ቁናችሁን ልቀበል አልችልም» አለ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ሆኜ በሩን አያለሁ።

መጀመሪያ የተነሣው እንየው ነው። «ቆይ፣ ቆይ! ያ ልቤን የነካው ጸሎትስ የትኛው ቀን ነበር?»

ባሌ አቀረቀረ። «እሱ… የደጊቱ ዶሮዎች ናቸው።»

ቤቱ ተንጫጫ። ዶሮ ነው ሲያስማትበኝ የዋለው ብሎ እንየው ያጓራል፣ አንዱ እንደ ጉድ ይስቃል፣ ሌላው «ለሁለት ዓመቱ ካሳ ይክፈለን» ይላል፣ ገሚሱ «እንግዲያስ ሌላ መላሽ ከጋይንት እናስመጣ» ይላል። አለቀልን ብዬ አህያዋን በልቤ ስጭን፣ አያ ቢሻው በበትራቸው መሬቱን መቱ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ከሦስቱም አጥቢያ በዕድሜ የሚበልጣቸው የሌለ አዛውንት ናቸው።

«መሪጌታ፣ ይቀመጡ። ይሄን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብዎ? እኔ ከእርስዎ በፊት ሦስት በረዶ መላሽ ቀብሬያለሁ። በሦስቱም ጊዜ በረዶ መትቶኛል።»

ባሌ ግን አልተቀመጠም። «ታዲያ ቁናውን ለምን ይሰፍሩልኛል?»

«በረዶ ገብሴን ሲያወድመው ማንን ልስደብ? ወደ ላይ አንጋጥጬ እግዜርን ልስደብ? ሚስቴን ልስደብ? ሞክሬዋለሁ፣ እሷ ትብሳለች። እርስዎ ደጅ መጥቼ ‹አንተ ሰነፍ ደብተራ፣ ተኝተህ አስበላኸኝ› ብዬ ስመለስ ግን ወገቤ ቀና ይላል። በማግሥቱ የተረፈኝን እሰበስባለሁ። አንድ ቁና ለዚህ በዛ?»

አልበዛም አሉ። አንድም ሰው አልበዛም ያላለ የለም። እነዚያ ካሳ ይክፈለን ሲሉ የነበሩት ሳይቀሩ አንገታቸውን ነቀነቁ። ጉብታውም፣ ጎጆዋም፣ ቁናውም እንደ ነበረ ይቀጥል ተባለ። እንየው ብቻ «ዶሮዎቹ ይቅሩ!» ብሎ አስወሰነ።

እኔ እልል እያልሁ ቁርበቶቼን ፈታሁ። እሱ ግን ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልገው የኖርሁት እነሱ ጓዳ ተቀምጦ ነበር?» እያለ ይብሰለሰላል። «ታዲያ እኔ ምን ሠራሁ?» ይለኛል። ገንፎ አቀረብሁለት።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ፣ ገብሱ ፍሬውን ቋጥሮ ሊነጣ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ታይቶ የማይታወቅ በረዶ ወረደ። የዶሮ እንቁላል የሚያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ማሳው ሁሉ ከመሬት ተጣብቆ ነጭ ሆነ። በማግሥቱ መምጣት ጀመሩ። ከአጥር ውጭ ሆነው ይጀምራሉ፤ እንቅልፋም፣ ሆዳም፣ የገብስ ነቀዝ፣ የጋይንት ጣጣ፣ ጭራህ ዝንብ አይመልስም። ባሌ ደጃፉ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እንየው ሁለቴ ነው የመጣው፤ በመጀመሪያው የረሳት ስድብ ኖራ። ሰድበው ሲጨርሱ ላባቸውን ይጠርጉና «በሉ ደኅና ይዋሉ መሪጌታ» ብለው ይሄዳሉ።

አያ ቢሻው ግን አልመጡም። በአራተኛው ቀን ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። የሳቸው ማሳ ለዘር የሚሆን እንኳ አልቀረለትም። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ እንጂ ቃል አልወጣም።

ባሌ ፊታቸው ቆመ። «አያ ቢሻው፣ ይስደቡኝ እንጂ።»

«አቃተኝ መሪጌታ። ጉልበቱን ከየት ላምጣው?»

«እኔ እኮ ያን ዕለት ጉብታው ላይ አልወጣሁም» አለ ባሌ። «ብርድ ፈርቼ ተኝቼ ነበር።»

ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነው የዋለው፤ ነጭ ቀን ጥቁር ቀን የለ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ሲጸልይ ነው የዋለው። ከጥምጥሙ ሥር በረዶው ያሳበጠውን ራሱን ሦስት ሌሊት በጨው ውኃ ያጠብሁት እኔ ነኝ።

አያ ቢሻው ቀስ ብለው ቀና አሉ። ዓይናቸው ፈጠጠ። «ተኝተህ?» አሉ። «አንተ… አንተ እንቅልፋም! አንተ የማትረባ ደብተራ! የልጅ ልጆቼን ጾም ያሳደርህ!» በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ፤ ልጃቸው ሊደግፋቸው ቢል እጁን መቱት። ድምፃቸው እስከ ውባለም ቤት ይሰማል። አባቱን፣ የቅኔ መምህሩን፣ የመጣበትን መንገድ ሳይቀር አንድም አላስቀሩለት። በመጨረሻ ትንፋሽ አጠራቸውና ቆሙ፤ ፊታቸው ደም መስሏል።

«ይጨምሩ፣ አያ ቢሻው» አለ ባሌ።

አያ ቢሻውም ጨመሩ።