የእትዬ ቆጠራ

እትዬ ሠላሳ ዓመት ባክቴሪያ ስትቆጥር ኖራለች። የጡረታ ዕድሜዋ ካለፈ በኋላም ኮንትራቷን በየዓመቱ የሚያድሱላት ለዓይኗ ሲሉ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ከዚህ ቤተ ሙከራ ሌላ የምትውልበት የላትም። ዓይኗ ከደከመ ሁለት ዓመት እንዳለፈው የማውቀው እኔ፣ ብልቃጥ አጣቢዋ፣ ብቻ ነበርኩ።

ሥራው አሰልቺ ነው። ባክቴሪያ የተቀባበትን ሳህን ጨረር በሚረጭ መብራት ስር ታስቀምጣለች፤ ጨረሩ ዲኤንኤያቸውን ይጎዳዋል። ከዚያ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ሳህኑ ጀርባ ላይ ጽፋ ጨለማ ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። በማግስቱ ተርፈው የተባዙትን ትቆጥራለች። ክፍሉ ግን ድንግዝግዝ ስለሆነ መጻፍ አቃታት። ስለዚህ ሳህኖቹን በኮሪደሩ መስኮት ዳር ደርድራ መጻፍ ጀመረች። ሃያ ሳህን አንድ ሰዓት ይፈጅባታል። ጨለማው ለምን እንዳስፈለገ የነገረን የለም፤ የድሮው አለቃ አመል ነው ብለን ትተነዋል።

አንድ ቀን ተመራማሪው ጥርሱን መክደን አቅቶት ገባ። እኔም የታጠበ ብልቃጥ እየደረደርኩ ነበር።

"እትዬ፣ ቆጠራዎ ጉድ አመጣልን። መሞት የነበረባቸው አልሞቱም።"

"እንዴት ሆኖ?"

"ባክቴሪያ ጉዳቱን የሚጠግንበት ብዙ መንገድ አለው። አንዱ የተበላሸውን ቆርጦ ያወጣና ካልተጎዳው የዲኤንኤ ክር እየቀዳ ይሞላል። እሱ በጨለማም ይሠራል፤ ግን ይዘገያል። ፈጣኑ ብርሃን ይፈልጋል። የእኛዎቹ ግን ብርሃን ሳያዩ ነው የዳኑት። ማንም የማያውቀው መንገድ አላቸው ማለት ነው። ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን ጽሑፍ ነገ ልልከው ነው።"

እትዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሆድ ይፍጀው ብላ ብትተወው ማን ያውቅባታል? እኔም በዓይኔ ዝም በይ አልኳት። አላየችኝም፤ ወይም አይታ ተወችኝ።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ልጄ" አለችው። "ብርሃን አይተዋል። መስኮት ዳር ነው የምጽፍባቸው። እዚህ አይታየኝም።"

ተመራማሪው ቶሎ አልገባውም። ሲገባው ወረቀቶቹን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ቆጠራውስ?"

"ቆጠራው ልክ ነው። መቁጠሪያው ከስሩ መብራት አለው። እሱን አትጠራጠር።"

"ዓይንዎ መድከሙን የሚያውቅ ሰው ነበር?"

"ማንም" አለች እትዬ።

አፈርኩ፣ ግን አልተናገርኩም። በወሩ መጨረሻ የእሷ ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ። የእኔ ታደሰ።