ቆመው የሚበሉት መሪጌታ

«ጉና ላይ የወጣሽ፣ ደመና ነሽ ወይ፣
ጥላሽ ደጄ ወድቆ…»

ከዚህ ወዲያ ያለው ጠፍቷቸዋል። መሪጌታ ሀብተማርያም ቀሪውን በ«እምም» እየሞሉ ያንጎራጉሩታል፤ ተማሪዎቻቸውም እርስ በርስ ተያይተው ይስቃሉ። ድጓን የሚያህል የዜማ ባሕር በቃላቸው የሚያወርዱ ሰው፣ በአንዲት የሰርግ ቤት ዘፈን ሲረቱ እንዴት አይሳቅ።

ደብራቸው ከገሳይ በላይ፣ ጉናን ተንተርሳ የተቀመጠች የአቦ ቤተ ክርስቲያን ናት። የእሳቸውን ጉባኤ ብሎ ከእብናት፣ ከደራ፣ ከጋይንት ተማሪ ይጎርፍ ነበር። «ዜማ የሰማይ ናት፤ ከየትኛው ጎጆ ጭስ ጋር እንደምትወጣ አትጠይቅም» ይሉ ነበር መሪጌታ። እሸቴ ከደጃቸው በቆመ ዕለትም ድምፁን ሰሙ እንጂ ዘሩን አልቆጠሩም።

እሸቴ የቀጥቃጩ የአያ ማሬ ልጅ ነው። አያ ማሬ ከደብሩ ቁልቁል፣ ከወንዙ ዳር፣ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣሉ። አገሩ በሳቸው ማረሻ ያርሳል፣ በሳቸው ማጭድ ያጭዳል፤ እህሉ ከገበታ ሲቀርብ ግን እሳቸው እንዳያዩበት ይሸፍናል። የቀጥቃጭ ዓይን ሰው ይበላል ይባላላ!

ተማሪ ቀን በየመንደሩ ስለ ማርያም ብሎ የለመነውን ቁራሽ፣ ሲመሽ ከአንድ ገበታ ዘርግፎ ከቦ ይበላል። በመጀመሪያው ምሽት እሸቴ ወደ ገበታው ሲጠጋ፣ ሁሉም ደበሎውን ከራሱ ላይ አውርዶ የያዘውን ሸፈነ። ፈንታሁን የጉባኤው አስቀጻይ ነው፤ ታናናሾቹን ዜማ የሚያስጠናው እሱ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ድርሻውን በእጁ አስይዞ፣ «እዚያ ከግድግዳው ኋላ ብትበላ ለሁላችንም ይሻላል» አለው በለሰለሰ ቃል። እሸቴም ቁራሹን ይዞ ወጣ፤ ለምዶታል።

መሪጌታ ይህን አይተው ቁራሻቸውን ይዘው ተነሡ። ሄደው ከደጃፉ ላይ፣ ከገቡትና ከወጣው መካከል ቆሙ።

«የኔታ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለ ፈንታሁን።

«የት ልቀመጥ? ተማሪዬ ውጭ ነው።»

«ውጭ ያለው እኮ አንድ ሰው ነው።»

«እኔም አንድ ነኝ» አሉና ቆመው በሉ።

በማግስቱም ቆመው በሉ። ክረምት ገባ፣ መስከረም ጠባ፣ እሳቸው እዚያው ደጃፍ ላይ ናቸው። መንደሩ ቀለደባቸው፤ መሪጌታ እንደ በቅሎ ቆመው ይበላሉ፣ ነገ ደግሞ ቆመው ይተኛሉ ተባለ። እሸቴ ራሱ ከውጭ ሆኖ፣ «የኔታ፣ ጉልበትዎን ይማሩት፤ እኔ ግድግዳውን ወድጄዋለሁ፣ ነፋስ ይከልልልኛል» ይላቸው ነበር። ተማሪዎቹን አንድ ቃል ቢያዟቸው እንደሚታዘዙ መሪጌታ ያውቃሉ። ግን በትእዛዝ የተቀመጠ ይቀመጣል እንጂ ከልቡ አይበላም፣ ልብ በበትር አይነዳም፣ በራሱ ጊዜ ይመጣል ብለው ታገሡ። ትዕግሥታቸውንም እንደ ጽድቅ ቆጠሩት።

በዚህ መሐል ጣሊያን ገባ። ደብረ ታቦር ላይ ምሽጉን ሠራ፤ አርበኛ አድሮበታል የተባለ መንደር ሁሉ ነደደ። ቁራሽ የሚሰጥ እጅ አጠረ። በየመንገዱ የሚዞሩት ባንዶች፣ ደበሎ ለባሹን ሁሉ የአርበኛ መልእክተኛ ነው እያሉ ይይዙ ጀመር። መሪጌታም ማንም ብቻውን እንዳይወጣ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲለምኑ አዘዙ። ሁለት ሆኖ የሚሄድ ተማሪ ተማሪ ይመስላል፤ ብቻውን ገደል ለገደል የሚሄድ ግን ያስጠረጥራል።

ሁሉም ጥንዱን ያዘ። ከእሸቴ ጋር የሚሄድ ታጣ። የቀጥቃጭ ልጅ ከደጅ ሲቆም ባለቤቱ እንጀራውን ይሸሽጋል፤ አብሮት የቆመውም ባዶ አኩፋዳ አንጠልጥሎ ይመለሳል። ፈንታሁን መላ መታ፦ እሸቴ ብቻውን ወደ እብናት መውረጃ ይሂድ፣ እዚያ የማን ልጅ እንደሆነ አያውቁም።

መሪጌታ ሰሙ። አፋቸውን ሊከፍቱ አሉና ተዉት፤ ነገ እነግራቸዋለሁ አሉ በልባቸው። እሸቴማ ሳቀ።

«ብቻዬን ስሄድ ድምፄን ለቅቄ እቀጽላለሁ፣ የኔታ። የሚሰማኝ ጅብ ነው፤ ጅብ ደግሞ ዘር አይጠይቅም።»

እሑድ ወጥቶ ማክሰኞ በቃሬዛ መጣ፤ ያመጡት ገበያተኞች ናቸው። ከመውረጃው ላይ ባንዶቹ አግኝተውት፣ ብቻህን ወዴት ነህ፣ ለማን ነው የምትላላከው ብለውታል። ተማሪ ነኝ ቢል ማን ይመነው። ከተኮሱበት በኋላ አኩፋዳውን ቢዘረግፉት ደረቅ ቁራሽ ብቻ ወጣ። ቁራሹም ማንም ሳይነካው ከአስከሬኑ ጋር መጣ።

የቀብሩን ዜማ መሪጌታ ጀምረው መጨረስ አቃታቸው፤ ፈንታሁን ተቀበላቸው፣ እሱም ከመሐል አቋረጠው። ተማሪው እየተቀባበለ እንደ ምንም አደረሰው።

በአገሩ ልማድ ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድም፤ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። ወደ አያ ማሬ ቤት ግን የመጣ የለም። ከቀጥቃጭ ጋር እህል የሚቆርስ ማን አለና! መሪጌታ ወንዙ ዳር ሲደርሱ የተቀበላቸው የእናትየው የዘነበች ሙሾ ነው፤

«ድምፁን ሰጥቶት ሄደ ለደብሩ ደወል፣
ልጄ ከበር ውጭ ነው፣ ማን ግባ ይበል።»

መሪጌታ ከደጃፉ ላይ ተገትረው ቀሩ።

«ይግቡ፣ መሪጌታ» አሉ አያ ማሬ። «ስለሱ ቆመው እንደሚበሉ ነግሮናል። እናቱ፣ ‹ኧረ እግራቸውን ያማቸዋል፣ ተቀመጡ በላቸው› ትለው ነበር።»

«አያ ማሬ፣ ቆሜ ከምበላለት አንድ ቃል ብናገርለት ይሻለው ነበር። አብራችሁት ሂዱ ማለት አቅቶኝ ነው።»

አያ ማሬ ዳግም ይግቡ አሏቸው፤ መሪጌታ ግን ከደጃፉ አልተንቀሳቀሱም።

ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል ከዳገቱ ላይ ደበሎ ለባሾች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲወርዱ ታዩ። ተማሪዎቹ ናቸው፤ ከቀብር መልስ በየመንደሩ ዞረው ለምነዋል። ፈንታሁን ፊት ፊት ገባ፣ ዓይኑ አብጦ። ዘነበችን ገበታ ለመናት፤ ሁሉም አኩፋዳውን እዚያው ላይ ዘረገፈ።

አያ ማሬ እንደ ልማዳቸው አንድ ቁራሽ አነሡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እንግዳ እንዳይሸማቀቅ። ፈንታሁን እጃቸውን ያዘ።

«ወዴት ነው፣ አያ ማሬ? ያን መንገድ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እኔ ልዙር እንጂ አንቱማ አይዞሩም።»

ያን ሁሉ ጊዜ እህሉን ሲሸፍንበት የኖረውን ደበሎ ከትከሻው አውልቆ ከገበታው አጠገብ አነጠፈላቸው። አያ ማሬ ብዙ አመንትተው ተቀመጡበት። የሸፈነ ተማሪ አልነበረም። ደፍሮ የቆረሰም የለም፤ ሁሉም መሪጌታ የቆሙበትን ደጃፍ ያያል።

መሪጌታ ሀብተማርያም መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። በአያ ማሬና በፈንታሁን መካከል፣ ጉልበታቸው ቋ እያለ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዘነበች በእጇ አጎረሰቻቸው። ቁራሹ ደርቋል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ አላምጠው አላምጠው ዋጡትና እጃቸውን ወደ ገበታው ሰደዱ።