የበረኛዬ ጠማማ ጣት

በአንዲት ቃል ምክንያት ተስቆባችሁ ያውቃል? ስቆ ዝም ያለ ሳይሆን፣ ያቺኑ ቃል አንስቶ ስማችሁ ያደረጋት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ዲላ ውስጥ ስሜ «እሷ» ነበር። ክፍል ስገባ «እሷ መጣች» ይባላል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስወጣ «እሷ ልትሠራ ነው» ይባላል። ስሙን ያወጣልኝን ልጅ ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ይህንንም የምጽፈው ይቅር ለማለት አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከኳስ ተጫዋቾች ካርድ ነው። መምህር ስለሆንኩ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ጊዜው የደርግ ነበር፤ ካርድ ደግሞ ሱቅ ገብተው የሚገዙት ነገር አልነበረም። የምንሠራው እኛው ነበርን። ጋዜጣ ላይ የተጫዋች ፎቶ ስናገኝ በጥንቃቄ ቆርጠን በሳሙና ካርቶን ላይ እንለጥፋለን። ማጣበቂያችን ቡላ ነው። አብሬያት የምኖረው አክስቴ ለገንፎ ካስቀመጠችው ላይ አንድ ጭብጥ ወስዶ በፈላ ውሃ ያሸ ሰው ሌላ ሙጫ አያስፈልገውም። ጉዳቱ፣ ቡላ በረሮም ይወዳል። ስለዚህ ካርዶቻችንን የምናስቀምጠው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

ከመቁረጥ በፊት ግን አንድ ግዴታ አለ፦ ገጹን ገልብጦ ጀርባውን ማየት። በጀርባው የመሪዎች ፎቶ ካለ መቀስ አይነካውም። አንድ የምወደው የግራ ክንፍ ተጫዋች ያመለጠኝ እንዲህ ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ተነስቶ ለብሔራዊ ቡድን የደረሰ፣ በኋላም ጉልበቱ ሲከዳው ጋራዥ ከፍቶ መካኒክ የሆነ ሰው ነው። መቀሱን ላሳርፍበት ስል አክስቴ ጋዜጣውን ነጥቃ በሩን ዘጋችና ልታስጨርሰን ነው ወይ አለችኝ። ወዲያው መሪዎቹን ወደ ውጭ፣ ተጫዋቼን ወደ ጭቃው አድርጋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። እንግዳ ሲመጣ ግድግዳውን አይቶ አክስቴን ያደንቃል። እኔ ግን ከሥር ማን እየሮጠ እንዳለ አውቃለሁ።

የጨዋታችን ስም «ታሪክ ንገር» ነው። አንዱ ልጅ ከሌላው ካርዶች አንዱን ይመርጥና «የዚህን ታሪክ ንገር» ይላል። ባለካርዱ ተጫዋቹ የት እንደ ጀመረ፣ ወዴት እንደ ተዛወረ፣ ስንት ቁጥር እንደ ለበሰ፣ እንዴት እንዳቆመ ሳይሳሳት መናገር አለበት። ከተናገረ፣ ከጠያቂው አንድ ካርድ መርጦ ይወስዳል። ከተሳሳተ ያንኑ ካርድ ያስረክባል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ካርዱ የሚገባው ለሚያውቀው ሰው ነው። ዛሬም ቢሆን ከዚህ የተሻለ የፈተና ደንብ አላየሁም።

ዳኛችን በገበያው መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ሲንገር ይዘው የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሬዲዮ አላቸው፤ ስለዚህ የአገሩን ተጫዋች ሁሉ ያውቃሉ። መቀስም አላቸው፤ ስለዚህ ከእሳቸው አንርቅም።

ባላንጣዬ የባለሱቅ ልጅ ነው። አባቱ ሱቅና የጭነት መኪና አላቸው። ስኳርና ጨው የሚጠቀለለው በአሮጌ ጋዜጣ ስለሆነ፣ የከተማው ጋዜጣ ሁሉ መጀመሪያ በእሱ እጅ ያልፋል። አማርኛውም የቤት ቋንቋው ነው። የእኔ ግን የትምህርት ቤት ነበር። ያደግኩት ገጠር፣ ኮንጋ ነው፤ አፌን የፈታሁት በጌዴኦኛ ነው። ቋንቋችን የራሱ ሥርዓት አለው፤ አማርኛ ወደ አፋችን ሲገባ ግን «እሱ» እና «እሷ» ቦታ ይለዋወጣሉ። ቀስ ብዬ ስናገር አልሳሳትም። ስሜት ሲይዘኝ ግን ቁጥጥሩ ከእጄ ያመልጣል።

ከካርዶቼ ሁሉ የምወደው በረኛዬን ነበር። ከስኳር ፋብሪካ ቡድን ነው የጀመረው። መጀመሪያ አጥቂ ነበር፤ አንድ ቀን በረኛው ሲታመም ለጊዜው ቁም ተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ከጎል አልወጣም። በአንድ ጨዋታ የቀኝ እጁ የቀለበት ጣት ተሰበረ። ከጎኑ ካለው ጣት ጋር በፕላስተር አስሮ ጨዋታውን ጨረሰ። ጣቱ ጠምሞ ድኗል። ፎቶው ላይ እጁን ዘርግቶ ሲዘል ጣቱ ከሌሎቹ ተለይቶ እንደ መንጠቆ ጎብጦ ይታያል። እኔ ያንን ጣት እያየሁ ነው የምተኛው።

አንድ ቅዳሜ የባለሱቁ ልጅ ከቆርቆሮዬ ውስጥ መርጦ በረኛዬን አወጣና ታሪኩን ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። ስኳር ፋብሪካውን ተናገርኩ፣ አጥቂነቱን ተናገርኩ፣ ዝውውሩን፣ ቁጥሩን። ጣቱ ላይ ስደርስ ተነስቼ ቆምኩ። እጄንም ዘረጋሁ።

«ጣቷን በፕላስተር አሰረች፤ ከዚያ ዘለለችና ያዘች» አልኩ።

ከዚያ ሳቁ መጣ።

«ማናት ያሰረችው?» አለ የባለሱቁ ልጅ። ካርዱን አንስቶ ለልብስ ሰፊው አሳየ። «ጋሼ፣ እኔ እዚህ ላይ ሴት አላየሁም። እርስዎ ያያሉ?»

ልብስ ሰፊው እየሳቁ ልጁ ታሪኩን አልሳተም፣ አፉ ነው የሳተው አሉ። ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

«ስህተት ስህተት ነው የሚሉት እርስዎ ነዎት» አላቸው የባለሱቁ ልጅ። «በረኛውን ሴት አድርጎታል። ከዚህ የባሰ ስህተት አለ?»

ልብስ ሰፊው መርፌውን በከንፈራቸው ይዘው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «እንግዲህ ደንብ ነው፤ ስጠው» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። አማርኛ ትንሽን ነገር፣ የሚወዱትን ነገር በሴት ይጠራል። ሰው ቤቱን ሲያቆላምጥ «ቤቴ ትንሽ ናት» ይላል። ያ ልጅ ራሱ «ኳሷን አቀብለኝ» ይል ነበር፤ ኳስ ሹሩባ የላትም። ስለዚህ «ዘለለችና ያዘች» ማለቴ በፍቅር ነው ብዬ መከራከር እችል ነበር። ይህን መልስ ያገኘሁት መምህራን ማሠልጠኛ ከገባሁ በኋላ ነው። በዚያ ቅዳሜ በእጄ አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ስሜ «እሷ» ሆነ። ስሙን ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው። የባለሱቁ ልጅ ካርዶቹን የሚያስቀምጠው በከረሜላ ቆርቆሮ ነው፤ ጠበብ ያለ ነው። ካርዶቹ እንዲገቡለት ሁሉንም በአንድ ልክ ይከረክማቸዋል። አንድ ቀን ሲያሳይ በረኛዬን አየሁት። እጁ እንደ ተዘረጋ ነው፤ ነገር ግን ከመዳፉ በላይ የለም። ጠማማዋ ጣት ከሌሎቹ ጋር ተቆርጣ ተጥላለች። በረኛዬ በቆራጣ እጅ ኳስ ሊይዝ ይዘላል።

ያን ቀን ወሰንኩ። በረኛዬን አስመልሳለሁ፤ እሱንም በዚያው በረንዳ ላይ፣ በዚያው ደንብ አዋርደዋለሁ።

ቂም ሥርዓት ይፈልጋል። መጀመሪያ ድክመቱን አጠናሁ። ድክመቱ የውጭ አገር ተጫዋቾች ነበሩ። የእነሱን ታሪክ ማንም አያውቅም፤ የልብስ ሰፊው ሬዲዮም አይናገርም። ስለዚህ የባለሱቁ ልጅ ከራሱ ፈጥሮ በድፍረት ይናገራል፣ «ሬዲዮ ላይ ሰምቻለሁ» ይላል፣ እኛም እንቀበላለን።

ለዕረፍት ኮንጋ ስሄድ መሣሪያውን አገኘሁ። አባቴ የቡና ማጠቢያው ዘበኛ ነው። የቢሮው መስታወት በተሰበረበት በኩል ከወዳጅ አገሮች በሚላክ መጽሔት ተሸፍኗል፤ ፊደሉን ማንም አያነበውም። ከገጾቹ በአንዱ ላይ አንድ በረኛ አየር ላይ ተንሳፎ ኳስ ይይዛል። ፀጉሩ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጅጌው ረጅም፣ አገጩ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። የእጅ ኳስ ነው። ቀጥሎ ያለውን ገጽ ሳየው ብቻዬን ሳቅኩ። ያው አገጭ፣ ያው ጥቁር ነጥብ፣ ያው ትከሻ፤ ነገር ግን በነጭ ቬሎ። ሙሽራዋ ኳሷን በብብቷ ይዛለች፤ ሙሽራው ትከሻዋ ሥር አበባ ይዞ ቆሟል።

አባቴን ለመንኩ፤ ሁለቱን ገጾች ሰጠኝና በምትኩ ማዳበሪያ ጆንያ ለጠፍን። የመጀመሪያውን ካርድ አደረግኩት። ሁለተኛውን አጥፌ በሸሚዜ ሥር ደበቅኩና በጭነት መኪና ወናጎን አልፌ ዲላ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ፣ ካርዱን በባለሱቁ ልጅ ፊት እያወጡ ማየት ብቻ ነው። ማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የውጭ ካርድ ነው፣ ታሪኩን አላውቅም አልኩት። እዚህ ላይ አስተውሉ፤ «ታሪኩ» ያልኩት ካርዱን ነው። ስለ በረኛዋ ስናገር «እሱ»ም «እሷ»ም ከአፌ እንዳይወጣ ቡና ማጠቢያው ግቢ ውስጥ ብቻዬን እየዞርኩ ተለማምጄ ነበር። አማርኛን እንደዚያ ሰሞን አጥንቼው አላውቅም። ካርዱን ፈለገው። ሁለት ጥሩ ተከላካዮች ሰጥቶ ሲለዋወጠኝ ያዘንኩ መሰልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በረንዳው ላይ ከቆርቆሮው ውስጥ ያንኑ ካርድ አወጣሁ።

«የዚህን ካርድ ታሪክ ንገር» አልኩት። «እርግጠኛ ከሆንክ በረኛዬን ጨምርበት። እኔ ቆርቆሮዬን በሙሉ አስይዛለሁ።»

«እሷ ዛሬ ደፍራለች» አለ፤ ልጆቹ ሳቁ። በረኛዬን አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው።

አነጋገሩ ግሩም ነበር፤ ይህን አልክድም። በረኛው ከከሰል ማዕድን ሠራተኞች ቡድን እንደ ጀመረ፣ ከዚያ ለጦር ሠራዊት እንደ ተጫወተ፣ ትከሻው ወልቆ እንደ ተመለሰ፣ አሁን አሠልጣኝ እንደሆነ ተረከ። ሬዲዮ ላይ ሰምቷል። ልብስ ሰፊው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት።

«ትዳርስ?»

«አግብቷል» አለ ሳያቅማማ። «ሚስቱ ዶክተር ናት።»

ከሸሚዜ ሥር ገጹን አውጥቼ ዘርግቼ በልብስ ሰፊው ጉልበት ላይ አስቀመጥኩ፤ ካርዱንም ከጎኑ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እኔ እዚህ ላይ ወንድ አላየሁም። እርስዎ ያያሉ?»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። አገጩን ከአገጩ፣ ነጥቡን ከነጥቡ ጋር አስተያዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጆቹ ተንጋግተው አዩ። የባለሱቁ ልጅ ይህ ማታለል ነው፣ ጨዋታ አይደለም እያለ ጮኸ። አማርኛ የቤት ቋንቋው የሆነው ልጅ ሙሽራዋን ከሚስት ጋር አጋብቷል።

«በረኛዋን ወንድ አድርገሃታል» አሉት ልብስ ሰፊው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ከዚህ የባሰ ስህተት የለም ብለህ የፈረድከው አንተ ነህ። ስጠው።»

ሁለቱንም ካርድ ሰጠኝ። በረኛዬን ይዤ የተቆረጠውን እጁን አየሁ። ደስታዬ ሙሉ አልነበረም፤ ስለዚህ ገና አልጨረስኩም ነበር። በረንዳውን ሳልለቅ «ቬሎ» አልኩት። አንዴ ብቻ። የቀረውን ልጆቹ ሠሩልኝ። ሰኞ ዕለት ክፍል ሲገባ «ቬሎ መጣ» ተባለ። «እሷ» ሞተች፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ስም ማንም አልጠራኝም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ ብቻዬን አገኘኝ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። የምትፈልገውን ካርድ ውሰድና ስሙን አስቁምልኝ አለኝ።

«የበረኛዬን ጣቶች አምጣ» አልኩት። «ያን ቀን አስቆማለሁ።»

አላመጣም። ከየት ያመጣል?

ዛሬ የአባቱን መኪና እሱ ነው የሚነዳው። ከባንኮ ጎቲቲ ቡና ጭኖ በዲላ ሲያልፍ ረዳቶቹ «ቬሎ» ይሉታል፤ ስሙ ከየት እንደመጣ አያውቁም፣ የአባቱ ስም ይመስላቸዋል። እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ቆሜ እሰማለሁ፤ ደስ ይለኛል። እኔ አሁን አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ እንደኔው ናቸው፤ ስሜት ሲይዛቸው አባት ትመጣለች፣ እናት ይሄዳል። አርማቸዋለሁ፤ እነሱም ይደግሙታል። በክፍሌ ግን በዚህ የሚስቅ ልጅ ቆሞ የአንዲት በረኛን ታሪክ እንዲናገር አደርጋለሁ። ካርዷን አሳየዋለሁ፤ ቬሎውን እደብቃለሁ። እስካሁን ያለፈ የለም።

እናንተም ሞክሩት። የምትወዱትን ተጫዋች ፎቶ ፈልጉ፣ ታሪኩን ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው በትምህርት ቤት በተማራችሁት ቋንቋ፣ በሰው ፊት፣ ቆማችሁ ተናገሩ። ማን እንደሳቀባችሁ ልብ በሉና አትርሱት። ፎቶውን ስትቆርጡ ግን እባካችሁ ከነጣቶቹ ቁረጡት።