ልብስ ሰፊዋ ያበጀችው የምርጫ ጣሳ

ልብስ ሰፊዋን የቸገራት ነገር ይህ ነበር፦ ሊቀመንበሯ ዓይን ዓይንሽን እያየችሽ፣ እሷ የማትወደውን ሐሳብ እንዴት ትደግፊያለሽ?

አሥራ ዘጠኝ ሴቶች በጋራ ባቋቋሙት ስፌት ቤት፣ መስኮት ዳር ማን እንደሚቀመጥ የምትወስነው ሊቀመንበሯ ነበረች። ጥንቅቅ እያሉ የሚጠሯት ሰፊ አምና በስብሰባ ላይ እጇን ለተቃውሞ አወጣች፤ በማግስቱ የስፌት መኪናዋን ጨለማው ጥግ አገኘችው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ስትሰፋ ዓይኗ ደከመ። ሐኪሙም፣ "ብርሃን ካላገኘሽ ሥራውን ትተዪዋለሽ" አላት። ቦታው በየሳምንቱ በተራ ይዙር ብትል፣ ጓደኞቿ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ብለው ሆድ ይፍጀው አሉ።

ስለዚህ ምርጫው በድብቅ እንዲሆን ለእያንዳንዷ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት የልብስ ቁልፎች አደለች። የብረቱ "ይዙር" ነው፣ የፕላስቲኩ "አይዙር"። አንዱን በጡጫ ይዘው ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ፣ የተረፈውን የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይጥላሉ።

ይህን ስሰማ እንዴት እንደተደነቅሁ! ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ በፊት በጥንቷ ግሪክ የአቴና ዳኞችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ለእያንዳንዱ ሁለት የነሐስ ክብ ይሰጠዋል፤ የአንዱ እምብርት ቀዳዳ፣ የሌላው ድፍን ነው። እምብርቱን በሁለት ጣት ሸፍኖ ከያዘው የትኛውን እንደጣለ ማንም አያውቅም። ጥንቅቅ ስለ አቴና ሰምታ አታውቅም፤ ችግሩ አንድ ስለሆነ መፍትሔውም ተመሳሰለ።

ሊቀመንበሯ ለወጉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጥንቅቅን ጨምሮ ስድስት ሴቶች እንደጣሉ፣ ዞር ሳትል፣

"አራት የብረት፣ ሁለት የፕላስቲክ" አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ዕድሜዋን ሙሉ ቁልፍ ስትተክል የኖረች ሴት ድምፁን ትለያለች፤ ሁሉም ሰፊዎች ሆነው ይህን ያሰበ አልነበረም።

"እትዬ፣ ዞረዋል ብለን እኮ ነው!"

"ዓይኔንስ አዞርኩላችሁ፤ ጆሮዬን የት ላድርገው?"

ከዚያ በኋላ የብረት የጣለች የለችም። ጥንቅቅ አሥራ አምስት ለአራት ተሸነፈች።

በሚቀጥለው ወር የጣሳውን ውስጥ በጥጥና በብጣሽ ጨርቅ ለብዳ መጣች። ሊቀመንበሯ ማሸነፏን ስላልተጠራጠረች፣ "ካሻሽ አሥሬ አስመርጪ!" አለቻት።

አሥራ አንድ ለስምንት፤ ይዙር። ሊቀመንበሯ ራሷ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፣ ከዚያም የመጀመሪያውን ተራ በእጇ ጻፈች። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ድብቅ ምርጫ ግማሹ ሥራ ነው፣ ሌላው ግማሽ የተሸነፈ ሰው ውጤቱን ተቀብሎ መጻፉ።

ጥንቅቅ መስኮት ዳር በተቀመጠች በሳምንቱ የተሰፋውን ልብስ በካውያ ከሚተኩሱት ሴቶች አንዷ መጣችባት።

"እኛስ? ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ስንቀቀል ንፋሱ ለእናንተ ብቻ ነው?"

ሦስቱ ተኳሾች ቅጥር እንጂ አባል አይደሉም፤ ድምፅ የላቸውም። አቴናም ሴቶችን፣ ባሮችንና መጤዎችን ከምርጫ ውጭ አድርጋ ነበር። ጥንቅቅ አሁን ተኳሾቹ ድምፅ እንዲኖራቸው ሰፊዎቹን አንድ በአንድ እያነጋገረች ነው። አሥር ድምፅ ያስፈልጋታል፤ ራሷን ጨምሮ ስምንት አግኝታለች። ዛሬ ዘጠነኛውን ድምፅ ፍለጋ የምሳ ዕቃዋን ይዛ ሊቀመንበሯ አጠገብ ተቀምጣለች።